ሥራ ላይ ሳይውል የወደቀ ሕግ፦ የኦሬገን ሁለት የግል ትምህርት ቤቶች ጉዳይ

ኖቬምበር 7 ቀን 1922 የአሜሪካዋ ኦሬገን ግዛት ሕዝብ ድምፅ ሊሰጥ ወጣ። (በዚህ ጽሑፍ ያለው ዘመን ሁሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ነው።) በዕለቱ ዋልተር ፒርስ የግዛቲቱ ገዥ ሆነው ተመረጡ። በዚያው ዕለት ሕዝቡ የግል አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችን ባዶ የሚያስቀር ሕግ በ115,506 ድጋፍ በ103,685 ተቃውሞ አጸደቀ።

ሕጉ የግል ትምህርት ቤት ይዘጋ አይልም። እንዲህ የሚል ቃል ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አይገኝበትም። የሚለው፣ ዕድሜው ከ8 እስከ 16 ዓመት የሆነ ልጅ የሚያሳድግ ሰው ሁሉ ልጁን ወደ መንግሥት ትምህርት ቤት ይላክ ነው። ያልላከ ሰው ከ5 እስከ 100 ዶላር ይቀጣል፣ ወይም ከ2 እስከ 30 ቀን ይታሰራል፣ ወይም ሁለቱም ይፈረድበታል፤ ልጁ ያልተላከበት እያንዳንዱ ቀን ደግሞ ራሱን የቻለ ጥፋት ነው። ከዚህ ግዴታ ነፃ የሚሆኑት ስምንተኛ ክፍልን የጨረሱ፣ በአእምሮ ወይም በአካል ጉዳት መማር የማይችሉ፣ ከመንግሥት ትምህርት ቤት በጣም ርቀው የሚኖሩና ከአካባቢው የትምህርት ኃላፊ ልዩ ፈቃድ ያገኙ ልጆች ብቻ ናቸው። ሕጉ የሚጸናው ከሴፕቴምበር 1 ቀን 1926 ጀምሮ ነበር። ይህችን ቀን ያዟት፤ የጉዳዩ ቁልፍ እርሷ ናት።

ሁለት የግል ትምህርት ቤቶች ሕጉን ተቃውመው ከሰሱ፤ በ1925ም በአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አሸነፉ። ይህ ጉዳይ በሕግ ሰዎች ዘንድ የሚወሳው ስለ ወላጅ መብት ነው። ትክክል ነው። እኛ የትምህርት ቤት ሰዎች ግን ፍርዱን በራሳችን ዐይን ብናነበው ሌላ ነገር እናገኝበታለን። ዳኞቹ ስለ ነፃነት ከመናገራቸው በፊት ገጽ ሞልተው የሚዘረዝሩት ከርዕሰ መምህር ቢሮ የወጣ ነገር ነው፦ የተማሪ ቁጥር፣ የዓመት ክፍያ፣ ከመምህራን ጋር የተገባ ውል፣ ትምህርት ቤቱን የለቀቁ ልጆች፣ እየቀነሰ የሄደ ገቢ። ስለ ወላጅ መብት የተነገረው ትልቅ ሐሳብ በራሱ እግር ፍርድ ቤት አልደረሰም። በሩን የከፈተለት መዝገብ ነው።

ሕጉን ያመጡት ሰዎች

በኦሬገን ሕዝቡ ራሱ ሕግ አመንጭቶ ለድምፅ የሚያቀርብበት ሥርዓት አለ። ይህን ሕግ በይፋ ያቀረቡት ስኮቲሽ ራይት የተባለው የሜሶኖች የወንድማማችነት ማኅበር አባላት ናቸው፤ ዘመቻውን በኃይል የገፋው ደግሞ በዚያን ጊዜ በግዛቲቱ እጅግ የበረታው፣ የነጮችን የበላይነት የሚሰብከው ኩ ክሉክስ ክላን (በአጭሩ ክላን) ነው። ዋና ዒላማቸው ካቶሊኮችና ከውጭ የመጡ ሰዎች ነበሩ። ዘመኑ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ማግስት ነው፤ የሩሲያ አብዮት ፍርሃትም በየቤቱ ገብቷል። የሁሉም ሰው ልጅ አንድ ዓይነት ትምህርት ቤት ቢማር አንድ ዓይነት ዜጋ ይሆናል የሚለው ሐሳብ ለብዙ ቅን ሰው ጆሮ ይጥም ነበር። ድምፃቸውን የሰጡት 115 ሺህ ሰዎች ሁሉ የክላን አባላት ነበሩ ብሎ ማሰብ ስሕተት ነው። አደጋው ከክፉዎች ብቻ ቢመጣ ኖሮ ለመመከት ይቀል ነበር።

በተቃዋሚው ወገን ካቶሊኮች ብቻ አልቆሙም። ሉተራኖች፣ የሰባተኛው ቀን አድቬንቲስቶችና አይሁዶችም ተቃውመዋል። ሃይማኖት የማያስተምሩ የግል ትምህርት ቤቶችም ነገሩ እንደሚነካቸው ገብቷቸዋል፤ ሕጉ የሚለየው የመንግሥት የሆነውንና ያልሆነውን እንጂ የሃይማኖቱንና የዓለማዊውን አልነበረምና። በድምፅ ግን ተሸነፉ።

ሁለቱ ከሳሾች

ፍርድ ቤት የሄዱት ሁለት ተቋማት ናቸው። አይመሳሰሉም፤ አለመመሳሰላቸው ጠቅሟቸዋል ባይ ነኝ።

አንደኛው የኢየሱስና የማርያም ቅዱሳን ስሞች ደናግል ማኅበር ነው። 12 ደናግል በ1859 ከካናዳዋ ኩቤክ ተነሥተው ፖርትላንድ ከተማ ገቡና በዚያው ዓመት ቅድስት ማርያም አካዳሚን ከፈቱ። ማኅበሩ በ1880 በኦሬገን ሕግ ተመዘገበ። ክሱ በቀረበበት ጊዜ አንደኛ ደረጃ፣ ሁለተኛ ደረጃና ጁኒየር ኮሌጆች ነበሩት፤ የሙት ልጆች ማሳደጊያዎችም ያስተዳድር ነበር።

ሁለተኛው ሂል ወታደራዊ አካዳሚ ነው፤ በ1908 በኩባንያነት የተመዘገበ፣ ለትርፍ የሚሠራ፣ ከ5 እስከ 21 ዓመት ዕድሜ ያላቸውን ወንዶች የሚያስተምር። እንደ መንግሥት ትምህርት ቤት ስምንት የአንደኛ ደረጃ ክፍሎች አሉት፤ ከዚያ በላይ ለኮሌጅ የሚያዘጋጁ አራት ክፍሎች፤ ከዚህ ጋር በአንድ የጦር መኮንን ክትትል የሚሰጥ ወታደራዊ ሥልጠና። የሃይማኖት ጉዳይ የለበትም። ጠበቃው ስለ እምነት ነፃነት የሚያነሣው ነገር አልነበረውም፤ የቀረበው ንብረቱንና ሥራውን ይዞ ነው።

አሁን በፍርዱ ውስጥ የሰፈሩትን ቁጥሮች ቀረብ ብለን እንያቸው። ሂል በአማካይ 100 ተማሪ አለው፤ እያንዳንዱ በዓመት 800 ዶላር ገደማ ይከፍላል። በዓመት ወደ 80,000 ዶላር ማለት ነው፤ 10 ልጅ ቢቀር 8,000 ዶላር ይጎድላል። ትምህርት ቤት የመራ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለመረዳት ጠበቃ አያሻውም። አሥር ልጅ ሲቀር መምህሩ አይቀነስም፤ ክፍሉ ያው ነው፣ ማሞቂያው ያው ነው፣ የተገዛው መሣሪያ ያው ነው። ወጪው ሳይነቃነቅ ገቢው ብቻ ይሄዳል።

የደናግሉ መዝገብ ከዚህም ይልቅ የሚያስተምር ነው። የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቻቸው ገቢ በዓመት ከ30,000 ዶላር በላይ ነበር። ፍርዱ ደግሞ አንድ ወሳኝ ነገር ያክላል፦ ትምህርት ቤቶቹ እርስ በርስ የተያያዙ ናቸው፤ የትምህርቱ አካሄድ ልጁ ከታች ጀምሮ በዚያው ማኅበር እጅ እንዲያድግ የታሰበ ነው፤ አንደኛ ደረጃው ለጠቅላላው ሥርዓት የግድ አስፈላጊና ከሁሉም የበለጠ ገቢ የሚያስገኝ ነው። ሕጉ ስምንተኛ ክፍልን የጨረሰ ልጅ አይነካም፤ ስለዚህ ሁለተኛ ደረጃው አልተነካም ሊባል ይችላል። የደናግሉ መዝገብ ግን መሠረቱ ሲወሰድ ላይኛው ፎቅ በአየር ላይ እንደማይቆም በቁጥር አሳየ። የትኛው ክፍል የትኛውን እንደሚደግፍ በወረቀት ላይ ያላስቀመጠ ትምህርት ቤት ቢሆን ኖሮ ይህን ማሳየት አይችልም ነበር።

ያልደረሰ ሕግ እንዴት ይከሰሳል?

ከዚህ በኋላ የሚመጣው ጥያቄ የጉዳዩ ልብ ነው። ሕጉ የሚጸናው በ1926 ነው። ትምህርት ቤቶቹ ግን ከዚያ ከሁለት ዓመት በላይ ቀድመው ፌዴራል ፍርድ ቤት ቆመው ነበር። ማንም አልተቀጣም፣ ማንም አልታሰረም። ገና ያልደረሰ ጉዳት ይዞ የመጣን ሰው ፍርድ ቤት ጊዜው ሲደርስ ተመለስ ሊለው ይችላል።

እዚህ ላይ አንድ ወላጅ ቢሮ መጥቶ ተቀምጧል እንበል። በ1922 ልጁ 8 ዓመቱ ነው። ትምህርት ቤቱን ይወደዋል፣ መምህራኑን ያከብራል። ሕጉ በሚጸናበት ጊዜ ግን ልጁ 12 ዓመት ይሆነዋል፤ ስምንተኛ ክፍል ሳይደርስ ከጓደኞቹ ተለይቶ ሌላ ትምህርት ቤት መግባት ሊኖርበት ነው። ወላጁ የማይጨረስ ነገር ለምን እጀምራለሁ ይላል። አይቆጣም፣ አይወቅስም፤ ቅጹን ሳይሞላ አመስግኖ ይሄዳል። ርዕሰ መምህሩ ከወንበሩ ሳይነሣ፣ ሕጉ ሳይጸና፣ ትምህርት ቤቱ አንድ ልጅ አጣ። ጉዳቱ በ1926 የሚመጣ ሳይሆን በ1923 ምዝገባ ላይ የደረሰ ነው።

ትምህርት ቤቶቹ ያስመዘገቡት ይህንኑ ነው። ሂል፣ ወላጆች ለመጪዎቹ ዓመታት ውል ለመግባት እምቢ እያሉ መሆናቸውን፣ ያስገቧቸውን ልጆችም ማውጣት መጀመራቸውን ገለጸ። ደናግሉ ይቆዩ የነበሩ ልጆች በሕጉ ምክንያት እንደወጡና ገቢያቸው ያለማቋረጥ እንደቀነሰ ገለጹ። ሁለቱም ሥራቸው የረጅም ጊዜ ውል የሚፈልግ መሆኑን አስረዱ። የግዛቱ ባለሥልጣናትም ሕጉን ጥብቅ አድርገው እንደሚያስፈጽሙ በይፋ ተናግረው ነበር፤ ይህም ተመዘገበ። የባለሥልጣን ንግግር ለአስተዳዳሪ ተራ ወሬ አይደለም። ቀኑና ቃሉ ተይዞ የሚቀመጥ ማስረጃ ነው።

ማርች 31 ቀን 1924 ሦስት ዳኞች የተሰየሙበት የፌዴራሉ የታች ፍርድ ቤት ሕጉ እንዳይፈጸም እግድ ሰጠ። ግዛቱ ይግባኝ አለ። ከዓመት በኋላ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የታችኛውን አጸና። ፍርዱ በዚህ ነጥብ ላይ ምንም አያቅማማም፦ ክሶቹ ያለጊዜያቸው የመጡ አይደሉም፤ ጉዳቱ ወደፊት ሊሆን የሚችል ነገር ሳይሆን አሁን ያለና እውነተኛ ነው፤ ሕጉ እስኪጸና ቢጠበቅ ኖሮ ጉዳቱ የማይጠገን ይሆን ነበር።

በእኔ አስተያየት በዚህ ጉዳይ ከተሠራው ሁሉ ትልቁ ሥራ ይህ ነው። ትምህርት ቤት በአንድ ሌሊት አይሞትም። አንድ ክፍል ሳይሞላ ይቀራል፣ በማግስቱ ዓመት አንድ መምህር ይለቃል፣ ከዚያ ታናናሾቹን ይዘው ሊመጡ የነበሩ ቤተሰቦች አይመጡም። እስከ መጨረሻው የጠበቀ አስተዳዳሪ ፍርድ ቤት የሚደርሰው ሬሳ ይዞ ነው።

ግዛቱ ምን አለ?

ግዛቱ የተከራከረው ልጆችን ለዜግነት ማዘጋጀት የመንግሥት ሥልጣን ነው ብሎ ነው። የግል ትምህርት ቤት ክፍት ከሆነ የየሃይማኖቱና የየብሔሩ ወገን ልጆቹን ይዞ ይለያያል፣ የአብዮት ሐሳብ ያላቸውም የራሳቸውን ትምህርት ቤት ይከፍታሉ የሚል ስጋትም አቅርቧል። ሌላም ሕጋዊ መሰናክል ነበር፦ ከሳሾቹ ድርጅቶች ናቸው፤ የአሜሪካ ሕገ መንግሥት 14ኛ ማሻሻያ የሚጠብቀው ነፃነት ደግሞ የሰው እንጂ የድርጅት አይደለም።

ፍርድ ቤቱ ይህን የኋለኛውን ተቀብሎታል። ድርጅት ነፃነትን ለራሱ መጠየቅ አይችልም። ነገር ግን ሥራና ንብረት አለው፤ ያለአግባብ ከደንበኞቹ እንዳይነጠል ጥበቃ መጠየቅ ይችላል። የወላጆች መብት ወደ ክርክሩ የገባው በዚህ መንገድ ነው፦ የትምህርት ቤቱን ሥራ የሚያጠፋው ነገር የወላጆችን ነፃነት ያለአግባብ የሚነካ ሕግ ነውና። አንድም ወላጅ ከሳሽ ሳይሆን በታሪክ የታወቀው የወላጅ መብት ፍርድ በትምህርት ቤት ሒሳብ ላይ ቆመ።

ጁን 1 ቀን 1925

ክርክሩ ማርች 16 እና 17 ቀን 1925 ተሰማ። ደናግሉ ብቻቸውን አልነበሩም፤ ናይትስ ኦፍ ኮለምበስ የተባለው የካቶሊኮች ማኅበር በገንዘብ ረድቷል፣ ከአሜሪካ አይሁዶች ኮሚቴና ከአድቬንቲስቶችም ለፍርድ ቤቱ የድጋፍ አስተያየት በጽሑፍ ቀርቧል። የኦሬገን ሲቲ ካቶሊካዊ ሊቀ ጳጳስ አሌክሳንደር ክሪስቲ ከመጀመሪያው ጀምረው የታገሉበትን ፍርድ አልሰሙም፤ በዚያው ዓመት በኤፕሪል አረፉ።

ጁን 1 ቀን ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሙሉ ድምፅ ለትምህርት ቤቶቹ ፈረደ። ፍርዱን የጻፉት ዳኛ ጄምስ ማክሬይኖልድስ ናቸው። ከሁለት ዓመት በፊት በ1923፣ በነብራስካ በአንድ የሉተራን ትምህርት ቤት ጀርመንኛ በማስተማሩ የተቀጣውን መምህር ሮበርት ሜየርን ነፃ ያወጣውን ፍርድ የጻፉትም እርሳቸው ነበሩ፤ አዲሱም በዚያ ላይ ተመሠረተ። ከሁሉ የሚጠቀሰው ዐረፍተ ነገር ትርጉሙ እንዲህ ነው፦ «ልጅ የመንግሥት ፍጡር ብቻ አይደለም፤ የሚያሳድጉትና ዕጣውን የሚመሩት ሰዎች ለተጨማሪ ግዴታዎች እንዲያውቁትና እንዲያዘጋጁት መብት አላቸው፤ ከመብቱም ጋር ከፍ ያለ ኃላፊነት አለባቸው።»

እኔ ግን አስተዳዳሪዎች በሌላ ዐረፍተ ነገር ላይ እንዲቆዩ እወዳለሁ። ፍርዱ፣ ከሳሾቹ የተሰማሩበት ሥራ በባሕርዩ ጎጂ ሳይሆን ለረጅም ጊዜ ጠቃሚና የሚመሰገን ሆኖ የኖረ ነው ይላል። ከዚያ ያክልና፣ ለደንበኞቻቸው፣ ለተማሪዎቻቸው ወይም ለግዛቱ ያለባቸውን ግዴታ እንዳልተወጡ የሚያሳይ ምንም ነገር በመዝገቡ ውስጥ የለም ይላል። በሂል በኩል የትምህርቱ አካሄድ የግዛቱን የትምህርት ቦርድ መስፈርት እንደሚከተል ቀድሞ ተመዝግቧል። ግዛቱ እዚህ ትምህርት ቤት ልጆች እየተበደሉ ነው የሚል አንድ ወረቀት ቢያገኝ ኖሮ ክርክሩ ሌላ መልክ ይይዝ ነበር። ይህ ንጹሕ መዝገብ በ1924 የተዘጋጀ አይደለም። ደናግሉ ከ1859 ጀምሮ በየዓመቱ ሲያከማቹት የኖሩት ነው።

በፍርዱ ያልተሸነፈው

ይህን ፍርድ በመንግሥት ቁጥጥር ላይ እንደ ጋሻ የሚያነሡ አሉ። ተሳስተዋል። በዚያው ፍርድ ውስጥ ግዛቱ ሁሉንም ትምህርት ቤቶች በአግባቡ የመቆጣጠር፣ ትምህርት ቤቶቹን፣ መምህራኑንና ተማሪዎቹን የመጎብኘት፣ የመከታተልና የመመርመር ሥልጣኑ ጥያቄ እንዳልተነሣበት በግልጽ ተጽፏል። ልጅ ሁሉ የመንግሥትም ይሁን የግል ትምህርት ቤት እንዲገባ ማስገደድ፣ መምህሩ መልካም ሥነ ምግባር እንዲኖረው መጠየቅ፣ ለዜግነት አስፈላጊ የሆኑ ትምህርቶች እንዲሰጡ ማዘዝ፣ ሁሉም ተጠብቋል። ከሳሾቹ ይህን ሥልጣን አልተቃወሙም፤ ባለመቃወማቸውም ብልህ ነበሩ። ሱፐርቫይዘር አይምጣብን አላሉም። እየመጣችሁ እዩን፣ አትዝጉን ነው ያሉት።

በአግባቡ የሚለው ቃል የት እንደሚያበቃ ፍርዱ አልለካም። ከሁለት ዓመት በኋላ ግን ከሃዋይ አንድ መለኪያ መጣ። በዚያ 163 የውጭ ቋንቋ ትምህርት ቤቶች ነበሩ፤ 9 የኮሪያ፣ 7 የቻይና፣ የቀሩት የጃፓን። ሕጉ አልዘጋቸውም። ፈቃድ አውጡ፣ በተማሪ በዓመት 1 ዶላር ክፈሉ፣ በቀን ከ1 ሰዓት፣ በሳምንት ከ6 ሰዓት፣ በዓመት ከ38 ሳምንት በላይ አታስተምሩ፣ መጻሕፍቱን መንግሥት ይወስናል አለ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1927 ይህ ከቁጥጥር ያለፈ፣ ትምህርት ቤቶቹን በመመሪያ ክብደት የሚያፈርስ ነው ብሎ የእግዱን ትእዛዝ አጸናላቸው። የጻፉት ያው ማክሬይኖልድስ ናቸው። ከኦሬገኑ ይልቅ ይህ ለዕለት ተዕለት ሥራችን የሚቀርብ ይመስለኛል፤ በሩን ሳይዘጋ ክፍሉን የሚያጠብ መመሪያ ብዙ ጊዜ ሳይታወቅ ያልፋልና።

በሌላው ጫፍ የ1976ቱ የቨርጂኒያ ጉዳይ አለ። ሁለት የግል ትምህርት ቤቶች ጥቁር ልጆችን አንቀበልም አሉ፤ የወላጆች ምርጫ ነው ሲሉም የኦሬገኑን ፍርድ ጠቀሱ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 7 ለ 2 በሆነ ድምፅ አልተቀበላቸውም። ወላጅ የግል ትምህርት ቤት መምረጥ ይችላል፤ ትምህርት ቤቱ ግን ልጅን በቀለሙ የመመለስ መብት ከዚህ ፍርድ አያገኝም። ደስ የሚል ፍርድ ነው፤ ደናግሉ የተዋጉለትን ነገር በዚህ ስም ከመቆሸሽ አድኖታል።

ወደ ኦሬገን ልመለስና ልጨርስ። ሴፕቴምበር 1 ቀን 1926 ረቡዕ ነበር። ሕጉ በዚያ ቀን የሚገዛው ሰው አልነበረውም። ትምህርት ቤቶቹ ያገኙት ግን እግድ ብቻ ነው፤ በመካከል በነበሩት ዓመታት ለወጡት ልጆች፣ ላልተፈረሙት ውሎች ካሣ አልተከፈለም፤ የወጣውም ልጅ በፍርድ አልተመለሰም። ሂል ወታደራዊ አካዳሚ ከዚያ በኋላ ከ30 ዓመት በላይ አስተምሮ በ1959 ተዘጋ። ቅድስት ማርያም አካዳሚ እስከ ዛሬ ፖርትላንድ ውስጥ ሴት ልጆችን ይመዘግባል።